በሦስት መቶ የሚነዳው ሰው



ዛሬ የማጫውታችሁ ስለ ሞተር ሳይክል ነው። “የመጋቢ ሚስት ደግሞ ከሞተር ጋር ምን አገናኛት?” የምትሉ እንደምትኖሩ አውቃለሁ። ነገሩ የጀመረው ግን እንደ ብዙዎቹ የዚህ ገጽ ጉዳዮች በአንድ ቤት፣ በአንድ ባልና ሚስት መካከል ነው።

አንድ እሑድ እዚህ ቆቦ ከጉባኤ ስንወጣ አንዲት ወጣት እናት ወደ ጎን ጠራችኝ። ሕፃን አዝላለች። “እትዬ፣ እስቲ አንቱ እንኳ ንገሩልኝ፤ እኔንስ አልሰማም ብሎኛል” አለችኝ። ባሏ ሞተረኛ ነው። ከከተማው ወደ ገጠር ቀበሌዎች ሰው ያደርሳል፤ የሽንኩርትና የቲማቲም ነጋዴዎችን ከማሳ ማሳ ያመላልሳል። ሞተሩን የገዙት የሁለት ዓመት የሽንኩርት ገንዘብ አብረው አጠራቅመው ነው። ስለዚህ ሞተሩ የቤቱ እንጀራ ነው፤ እህታችንም “ይሽጠው” አላለችም። የጠየቀችው ሦስት ነገር ብቻ ነው፦ ሄልሜት ያድርግ፣ ሲመሽ ቀስ ይበል፣ ልጁን ከፊቱ አስቀምጦ አይብረር።

የባልየው መልስ ግን ሁልጊዜ አንድ ነው። “አብሽሪ! ጃፓኖቹ በሦስት መቶ ይነዱ የለም እንዴ? እኔ በስድሳ በሰባ ብነዳ ምን ያስፈራሻል?”

በሳምንቱ ቤታቸው ሄጄ ቡና ጠጣሁ። ወንድማችን ክፉ ሰው አይደለም። የሚወዳት ሚስት፣ የሚሳሳለት ልጅ አለው፤ ከጧት እስከ ማታ ይሠራል። የሞተሩን ነገር ሳነሣበት አልተቆጣም። ስልኩን አውጥቶ አጠገቤ ቁጭ አለና “እስቲ ይህን እዩት እትዬ” አለኝ። በስልኩ መስኮት ላይ አንድ ወጣት ሞተሩን መሬት እስኪነካ አጋድሞ ይታጠፋል። ረዥም ፀጉሩ ከሄልሜቱ ሥር ወጥቶ በነፋስ ይውለበለባል። “ኖሪክ ይሉታል። ጃፓናዊ ነው። ገና የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ ሆኖ የዓለምን ሻምፒዮኖች ያስጨነቀ ነው” አለኝ። ዓይኑ እንደ ልጅ ዓይን ያበራ ነበር።

“ታዲያ አሁን የት ነው ያለው?” ብዬ ጠየቅሁት። አያውቅም ነበር። እኔም አላውቅም ነበር። ወደ ቤቴ ተመልሼ ግን ጥያቄው አልለቀቀኝም፤ ልጆቼን እያስቸገርሁ የዚህን ሰው ታሪክ ፈለግሁ፣ አነበብሁ። ዛሬ የምነግራችሁ እሱን ነው። (የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

የሞተረኛ ልጅ ሞተረኛ

ሰውየው ሙሉ ስሙ ኖሪፉሚ አቤ ነው። ሴፕቴምበር 7 ቀን 1975 ቶኪዮ ውስጥ ተወለደ። አባቱም የሞተር ተወዳዳሪ ነበሩና ልጁ የሞተር ድምፅ እየሰማ ነው ያደገው። በ1993 በጃፓን የ500 ሲሲ ሻምፒዮና አንደኛ ወጣ። የዚያን ጊዜ 18 ዓመቱ ነው። ሲሲ የሚባለው የሞተሩ መጠን መለኪያ ነው፤ እኛ አገር በየመንገዱ የምናያቸው አብዛኞቹ ሞተሮች ከ100 እስከ 200 ሲሲ ናቸው። የ500 ሲሲ የውድድር ሞተር ግን በቀጥታ መንገድ ላይ በሰዓት ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ይሄዳል። ወንድማችን “በሦስት መቶ” ያለው ውሸት አልነበረም።

በ1994 የዓለም ሻምፒዮና ውድድር በጃፓን፣ ሱዙካ በተባለው ሜዳ ሲካሄድ ለኖሪክ ለአንድ ቀን ብቻ በእንግድነት እንዲወዳደር ዕድል ተሰጠው። ከእርሱ ጋር የተሰለፉት የ1993ቱ የዓለም ሻምፒዮን አሜሪካዊው ኬቨን ሽዋንትዝና ከዚያ ዓመት ጀምሮ አምስት ጊዜ በተከታታይ ሻምፒዮን የሆነው አውስትራሊያዊው ሚክ ዱሃን ነበሩ። ልጁ አልፈራቸውም። አንዴ እነሱ ሲቀድሙት አንዴ እሱ ሲቀድማቸው ውድድሩ ሊያልቅ ሦስት ዙር ያህል ሲቀረው ተንሸራትቶ ወደቀ። አላሸነፈም። ያን ቀን ያየው ሁሉ ግን ስሙን ያዘ። ጣሊያን አገር የነበረ አንድ የ15 ዓመት ልጅ ኖሪክን ከመውደዱ የተነሣ ራሱን “ሮሲፉሚ” ብሎ ጠራ። ያ ልጅ ኋላ ዘጠኝ ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን የሆነው ቫለንቲኖ ሮሲ ነው።

ከውድድሩ በኋላ የቀድሞው ሻምፒዮን ኬኒ ሮበርትስ ኖሪክን ወደ ያማሃ ቡድኑ ወሰደው። በ1996 ኖሪክ በ20 ዓመቱ ወደዚያው ወደ ሱዙካ፣ ወደ ወደቀበት ሜዳ ተመልሶ በገዛ ወገኖቹ ፊት አንደኛ ወጣ። በዚያ ዓመት በአጠቃላይ ውጤት ከዓለም አምስተኛ ሆነ፤ ከዚህ የበለጠ ደረጃ በኋላም አላገኘም። በ1999 በብራዚል ሪዮ፣ በ2000 ደግሞ እንደገና በሱዙካ አሸነፈ። በጠቅላላው በዚያ ትልቅ ውድድር ሦስት ጊዜ አንደኛ ወጥቷል፤ ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ ወጥቶ የሽልማቱ መድረክ ላይ የቆመው 17 ጊዜ ነው። የዓለም ሻምፒዮን ሆኖ አያውቅም። እስከ 2004 በዚሁ ውድድር ቆየ፤ በ2005 እና በ2006 ሱፐርባይክ በሚባለው ሌላ የዓለም ውድድር ተሳተፈ፤ በ2007 ወደ አገሩ ተመልሶ በጃፓን ሻምፒዮና መወዳደር ጀመረ።

እስቲ ቆም ብላችሁ አስቡት። አንድ ሰው ከአሥር ዓመት በላይ በየአህጉሩ እየዞረ፣ በእንዲያ ያለ ፍጥነት፣ ከሌሎች ሃያ ሞተሮች ጋር ክርን ለክርን እየተጋፋ ኖረ። ወደቀ፣ ተነሣ፣ ተሰበረ፣ ዳነ። ከዚያ ሁሉ ተርፎ ወደ ቤቱ ገባ።

አንድ ማታ፣ ተራ መንገድ ላይ

ኦክቶበር 7 ቀን 2007 እሑድ ማታ ነው። ኖሪክ በቶኪዮ አጠገብ ባለችው በካዋሳኪ ከተማ፣ እንደ ማንኛውም ሰው በተራ የከተማ መንገድ ላይ ስኩተር እየነዳ ይሄዳል። ውድድር የለም፣ ተመልካች የለም፣ የሚያሳድደው ሰው የለም። ከፊቱ ይሄድ የነበረ የጭነት መኪና፣ መዞር በማይፈቀድበት ቦታ ላይ ድንገት አቋርጦ ዞረበት። ኖሪክ ከመኪናው ጋር ተጋጨ። ሆስፒታል ወሰዱት፤ በዚያው ማታ አረፈ። 32 ዓመቱ ነበር። ሕፃን ልጅ ነበረው፤ ያ ልጅ ዛሬ አድጎ እንደ አባቱና እንደ አያቱ የሞተር ተወዳዳሪ ሆኗል።

ይህን ሳነብ የቡናው ዕለት ጨዋታ በጆሮዬ ላይ አቃጨለ። “ጃፓኖቹ በሦስት መቶ ይነዱ የለም እንዴ?” አዎን፣ ይነዳሉ። በሦስት መቶ የነዳው ሰው የሞተው ግን ባልታሰበው ቦታ፣ ሁላችንም በየቀኑ በምናየው ዓይነት ጥፋት ነው። ጥፋቱም የሱ አልነበረም። እዚህ ላይ ነው ልቤ የቆመው። ጎበዝ ነጂ መሆን ራስህን ከራስህ ስህተት ያድንህ ይሆናል፤ ከፊትህ ካለው የአይሱዙ ሾፌር ስህተት ግን አያድንህም።

ሜዳውና መንገዱ

የውድድር ሜዳ የሚባለው ነገር ምን እንደሆነ ከገባኝ በኋላ ደግሞ ንጽጽሩ ከመሠረቱ ልክ እንዳልነበረ አየሁ። በሜዳው ላይ ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ ነው የሚነዳው፤ ከፊት ለፊት የሚመጣ የለም። ከመንገዱ ዳር ሰፊ ጠጠርና ባዶ ቦታ ስላለ የወደቀ ሰው ተንሸራትቶ የሚቆምበት አለው። በየመታጠፊያው ባንዲራ የያዙ ሰዎች ቆመዋል፤ ቢጫ ሲውለበለብ አደጋ አለ፣ መቅደም ክልክል ነው፤ ቀይ ሲውለበለብ ውድድሩ ይቆማል። ሐኪምና አምቡላንስ ሞተራቸውን አስነሥተው ይጠብቃሉ። ተወዳዳሪው ከራሱ እስከ እግሩ በወፍራም ቆዳ ተሸፍኗል፤ ጀርባው ላይ መከላከያ፣ እጁ ላይ ጓንት፣ እግሩ ላይ ጠንካራ ጫማ፣ ራሱ ላይ ፊቱን ሁሉ የሚሸፍን ሄልሜት አለ። ይህን ሳያሟላ ወደ ሜዳው አያስገቡትም።

አሁን የእኛን መንገድ ተመልከቱ። ከወልድያ ተነሥቶ በጎብዬና በሮቢት አልፎ፣ ቆቦን አቋርጦ በዋጃ በኩል ወደ አላማጣ የሚሄደው አስፋልት በራያ ሜዳ ላይ ቀጥ ብሎ ተዘርግቷል። የዞብል ተራሮች በምሥራቅ በኩል ከርቀት ያዩናል። ቀጥ ያለ መንገድ ደግሞ ለወጣት ልብ ፈተና ነው፤ “እስቲ ስጠው” ይላል። ግን በዚያው መንገድ ላይ ግመል ይጎተታል፣ ከብት ያቋርጣል፣ አህያ ጭነቷን እንደያዘች መሐል ላይ ትቆማለች። ባጃጅ ያለ ምልክት ይታጠፋል። ወደ መቀሌና ወደ አዲስ አበባ የሚወጣና የሚወርድ ከባድ መኪና አለ። የማሽላው አገዳ በሚያድግበት ወቅት ደግሞ ከማሳ የሚወጣ ሕፃን አስፋልቱ ላይ እስኪደርስ አይታይም። እዚህ ቢጫ ባንዲራ የሚያውለበልብልን የለም።

ስሌቱንም ልንገራችሁ። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሞተር በአንድ ሰከንድ ውስጥ 17 ሜትር ያህል ይሄዳል። ሰው አደጋ አይቶ እጁ ፍሬን እስኪይዝ አንድ ሰከንድ ያህል ይፈጃል። እንግዲህ ከግመሉ ኋላ ልጅ ብቅ ቢል፣ ወንድማችን ፍሬን መያዝ ሳይጀምር 17 ሜትር አልፏል ማለት ነው። ፍሬን ከተያዘ በኋላ ደግሞ ሞተሩ እስኪቆም የሚሄደው ርቀት ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን እጥፍ ብቻ አይሆንም፤ አራት እጥፍ ይሆናል። በ30 ሲሄድ በጥቂት ሜትር የሚቆመው ሰው በ60 ሲሄድ አራት እጥፍ መንገድ ያስፈልገዋል። ስለዚህ “ስድሳ ምን አላት?” ማለት አይቻልም። ስድሳ በሜዳው ላይ ምንም ላትሆን ትችላለች፤ በቆቦ ገበያ ቀን ግን ብዙ ናት።

“በሜዳውስ የሞተ የለም?”

ይህን ሁሉ ይዤ እንደገና ሄድሁ። ወንድማችን የኖሪክን መጨረሻ ሲሰማ ለረዥም ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ ግን ቀላል ሰው አይደለምና “ታዲያ በሜዳው ላይስ የሞተ የለም? ሄልሜት አድርገው፣ ቆዳ ለብሰው የሚሞቱ የሉም?” ብሎ ጠየቀኝ። እውነተኛ ጥያቄ ነው፤ እውነተኛ መልስም ይገባዋል። አዎን፣ አሉ።

ከእነርሱ አንዱ የኖሪክ አገር ሰው ዳይጂሮ ካቶ ነው። በ2001 በ250 ሲሲ ክፍል ከ16 ውድድሮች 11ዱን አሸንፎ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። ብዙዎች የጃፓን ተስፋ ይሉት ነበር። ኤፕሪል 6 ቀን 2003 በሱዙካ፣ ውድድሩ በተጀመረ በሦስተኛው ዙር ሞተሩ ከቁጥጥሩ ወጣና ከመንገዱ ዳር ካለው መከላከያ ጋር ተጋጨ። ለሁለት ሳምንት ራሱን ሳያውቅ ከቆየ በኋላ ኤፕሪል 20 ቀን አረፈ። 26 ዓመቱ ነበር። ሚስትና ሁለት ሕፃናት ልጆች ትቶ ሄደ።

በሰባተኛው ቀን፣ ኤፕሪል 27፣ ቀጣዩ ውድድር በእኛው አህጉር፣ በደቡብ አፍሪካ ዌልኮም ከተማ ተካሄደ። አንደኛ የወጣው የካቶ የቡድን ጓደኛ ስፔናዊው ሴቴ ጂበርናው ነበር፤ ድሉን ለሞተው ወዳጁ ሰጠ። የካቶ ቁጥር 74 ነበር። ከዚያ በኋላ ያ ቁጥር ለሌላ ተወዳዳሪ እንዳይሰጥ ተደረገ። ይህ ለስሙ ክብር ነው።

ለሕይወት የተደረገው ግን ከዚህ ይበልጣል። የካቶ ሞት በሱዙካ የመንገዱና የመከላከያው ግድግዳ ቅርበት ላይ ጥያቄ አስነሣ። የዓለም ሻምፒዮናው ከዚያ ወዲያ ወደ ሱዙካ አልተመለሰም፤ ከ2004 ጀምሮ የጃፓኑ ውድድር ሞቴጊ በተባለ ሌላ ሜዳ ሆነ። ተወዳዳሪዎቹ ስለ ሜዳው አደጋ ከአዘጋጆቹ ጋር ተቀምጠው የሚነጋገሩበት ኮሚቴ ተቋቋመ። ከ2018 ጀምሮ ደግሞ ሰው ሲወድቅ በራሱ የሚነፋ የአየር ከረጢት ያለው ልብስ ግዴታ ሆነ። ዛሬም በዚያ ሙያ ሰው ይሞታል። ሆኖም አንድ ሰው በሞተ ቁጥር “ምን እንቀይር?” ብለው ይጠይቃሉ።

እኛስ? ባለፉት ዓመታት ስንት ለቅሶ ላይ ተቀመጥን? ስንት ጊዜ “ቀኑ ደርሶ ነው” ብለን ንፍሯችንን በልተን ተነሣን? ሱዙካን የሚያህል ሜዳ፣ ስንት ገንዘብ የፈሰሰበት፣ ለአንድ ሰው ሕይወት ሲባል ከሻምፒዮናው ወጥቷል። በእኛ ቤት ግን ግድግዳ ላይ የተሰቀለች ሄልሜት ከሚስማሯ አትወርድም።

የሚስት ፍርሃት እውቀት ነው

አሁን ወደ ባልና ሚስቱ ልመለስ። ባሎች ሆይ፣ አትቆጡኝ። የሚስትን ፍርሃት “የሴት ወሬ” ወይም “እምነት ማጣት” ማለት ለምደናል። ወንድማችንም በመጀመሪያው ቀን “ጌታ ይጠብቀኛል” ብሎኝ ነበር። መልካም ነው፤ እኔም እንዲጠብቀው እጸልያለሁ። የራያ ገበሬ ግን ዝናብ ሲለምን እጁን አጣጥፎ አይቀመጥም። ከተራራው የሚወርደውን ጎርፍ ወደ ማሽላ ማሳው ለመጥለፍ ቦዩን አስቀድሞ ይቆፍራል፤ ጎርፉ ከመጣ በኋላ መቆፈር እንደማይቻል ያውቃል። ሄልሜትም እንደዚያ ቦይ ናት። መውደቅ ከተጀመረ በኋላ አትደረግም።

በተለያዩ አገሮች የተደረጉ ጥናቶች ተሰባስበው ሲታዩ፣ ሄልሜት ያደረገ ሞተረኛ በአደጋ የመሞት ዕድሉ በ42 በመቶ፣ ራሱ ላይ የመጎዳት ዕድሉ ደግሞ በ69 በመቶ ይቀንሳል። ሙሉ ዋስትና አይደለም። ነገር ግን ከመቶ አርባ ሁለት ማለት ስንት አባት፣ ስንት ባል ነው? የአገራችን የትራፊክ ደንብም ሄልሜት እንዲደረግ ያዝዛል፤ ከፖሊስ ጋር ድብብቆሽ የምንጫወትበት ጉዳይ አይደለም።

ሚስት ደግሞ ቤት ቁጭ ብላ የምታውቀው ነገር አለ። ባሏ ስንት ሰዓት እንደተኛ ታውቃለች። ጧት ተናዶ እንደወጣ ታውቃለች። የፍሬኑ ድምፅ ከተለወጠ ሳምንት እንዳለፈው የምትሰማው እሷ ናት። ሲመሽ በራፍ ላይ ቆማ የስንቱን ሞተር ድምፅ ለይታ የባሏን የምትጠብቀው እሷ ናት። የዓለም ተወዳዳሪዎች ስለ ሜዳው ያላቸው ስጋት በኮሚቴ ይደመጣል። የእኛዋ እህት ኮሚቴ የላትም፤ ያላት ባሏ ነው። እርሱ ካልሰማት ማን ይስማት?

እህቶቼ፣ ለእኛም ድርሻ አለን። ስጋታችንን በንዝንዝና በእርግማን ስንነግር ሰውየው ጆሮውን ይዘጋል። “ትሞታለህ፣ ትሞታለህ” እያሉ መሸኘት ሟርት እንጂ ምክር አይደለም። ደግሞ “ዛሬ ስንት አመጣህ?” ብቻ ብለን የምንቀበለው ከሆነ፣ ቀስ ብሎ ቢነዳ የሚጎድለውን ገንዘብ ከእርሱ ጋር ለመሸከም ዝግጁ ካልሆንን፣ ፍጥነቱን የምንገፋው እኛ ነን። ሁለት ጉዞ ቀርቶበት በጊዜ ለገባ ባል “እንኳን በጊዜ ገባህ” የምትል ሚስት ታስፈልገዋለች።

እኔም ከጥፋቱ ነጻ አይደለሁም። ባለፈው ዓመት ለአንድ የገጠር ፕሮግራም ስቸኩል፣ ያለ ሄልሜት፣ ወደ አንድ ጎን ተቀምጬ ሞተር ላይ ተፈናጥጫለሁ። መንገድ ላይ ነጂው ድንገት ቆመና “ነጠላዎን ሰብስቡ እትዬ፣ ጎማው ሊይዘው ነው” አለኝ። የነጠላዬ ጫፍ ወደ ሰንሰለቱ ተንጠልጥሎ ነበር። የዚያን ጊዜ ሳቅሁ። ይህን ጽሑፍ ሳዘጋጅ ግን አልሳቅሁም። ነጠላና ሻርፕ በጎማና በሰንሰለት ሲያዝ ሰውን ጎትቶ ይጥላል።

በቤታችሁ የምትስማሙበት

ሞተር ባለበት ቤት ሁሉ፣ ባልና ሚስት ቁጭ ብለው ቢስማሙባቸው የምላቸው ነገሮች እነዚህ ናቸው፦

ሄልሜቱ ለነጂውም ለተፈናጣጩም ይሁን፤ ማሰሪያው አገጭ ሥር ይታሰር። ያልታሰረ ሄልሜት ከሰውየው ቀድሞ ይወድቃል። አንድ ጊዜ ከባድ ምት የደረሰበት ሄልሜት ውጪው ደህና ቢመስልም ውስጡ ተጎድቶ ሊሆን ስለሚችል ይለወጥ።

ሕፃን ከነጂው ፊት፣ በነዳጅ ታንከሩ ላይ አይቀመጥ። ግጭት ሲመጣ የአባቱ ክብደት የሚያርፈው በልጁ ላይ ነው።

ከአንድ ሰው በላይ አይፈናጠጥ። ነጠላ፣ ሻርፕና ረዥም ቀሚስ ይሰብሰብ።

የማታ ጉዞ ሰዓት ይወሰንለት። ሞተረኛው ከዚያ ካመሸ ባለበት ማደሩ አያሳፍርም፤ ስልክ ደውሎ “እዚህ አድራለሁ” ማለት ይበቃል። ሚስትም ይህን ስልክ በጥርጣሬ ሳይሆን በምስጋና ትቀበለው።

በኩርፊያ አትለያዩ። ተናዶ የወጣ ሰው እጁ ነዳጅ ላይ ይከብዳል። ጧት የተጀመረ ጠብ ካለ ሁለት ደቂቃ ቆማችሁ ታረቁና ይሂድ።

የፍሬን፣ የጎማና የመብራት ወጪ እንደ ጤፍና እንደ ዘይት በወሩ በጀት ውስጥ ይግባ። “ሲተርፍ” የተባለ ነገር አይተርፍም።

ስለዚያ ቤት ደግሞ ላጫውታችሁ። ወንድማችን ልጁን ከፊቱ ማስቀመጥ ትቷል። አንድ ሄልሜት ገዝቷል። እህታችን እንደነገረችኝ በመጀመሪያው ሳምንት ከከተማው እስኪወጣ መሪው ላይ አንጠልጥሎ ይሄድ ነበር፤ ጓደኞቹ “አንተም ፈራህ?” ብለው ስቀውበታል። አሁን ግን ከበራፉ ላይ ጀምሮ ያደርጋታል። ስልኩ ላይ የኖሪክ ፊልም እንዳለ ነው፤ አላጠፋውም፣ እኔም አጥፋ አላልሁትም። ያ ልጅ በ18 ዓመቱ ያደረገው ነገር ድንቅ ነው፤ ሊወደድም ይገባዋል። ሁለተኛዋ ሄልሜት፣ የሚስትየው፣ ገና አልተገዛችም። “ሽንኩርቱ ሲሸጥ” ብሏታል። እኔም በየእሑዱ እጠይቀዋለሁ። እስክትገዛ ድረስ እሷ በእግሯ ትመጣለች፤ ጥቂት ታረፍዳለች፣ ማንም አይቆጣትም።

ለባልና ሚስት መወያያ

አንድ፦ ባለቤትህ ስለ ሥራህ ወይም ስለ ጉዞህ ደጋግማ የነገረችህና አንተ “አብሽሪ” ብለህ ያለፍኸው ነገር ምንድን ነው? ዛሬ ማታ እስከ መጨረሻው ስማት።

ሁለት፦ ባልሽ በጊዜ እንዲገባ የምትፈልጊ ከሆነ በገቢው ላይ የሚጎድለውን እንዴት አብረሽው ትሸከሚያለሽ?

ሦስት፦ በቤታችሁ አንድ አደጋ ወይም ለቅሶ ካለፈ በኋላ የተለወጠ ነገር አለ? ከሌለ፣ አሁን ምን ትቀይራላችሁ?

እስከሚቀጥለው እትም ድረስ በሰላም ወጥታችሁ በሰላም ግቡ። ቤታችሁ ይባረክ።